ከጭፈራው በፊት ቋንቋውን ጠይቁት

በባሕር ዳር ለሚገኙ የከፍተኛ ትምህርት ተቋማት የተማሪዎች አገልግሎት ክፍሎች፣
ለተማሪዎች ኅብረት ተመራጮች፣
ግልባጭ፦ ለባሕር ዳር ነዋሪ በሙሉ፤ በተለይ ቤት ለምናከራየው

ጉዳዩ፦ በሳምንት አራት ሰዓት ስለመጠየቅ

ሠላሳ ስድስት ዓመት መምህር ሆኜ የጻፍሁት ደብዳቤ ሁሉ «ከላይ በርእሱ ለመግለጽ እንደተሞከረው» ብሎ የሚጀምር ነበር። አሁን ጡረታ ወጥቻለሁና እንደ ልቤ ልጀምር።

ከጥቂት ዓመታት በፊት የደም ግፊቴን ልለካ ከከተማችን ሆስፒታሎች በአንዱ ወረፋ ይዤ ተቀምጬ ነበር። ከፊቴ ሕፃን የታቀፈች እናት ቆማለች። ከመተከል በሪፈር የመጣች ናት። ነርሷ ትጠይቃታለች፤ እናትየዋ በጉሙዝኛ ትመልሳለች፤ ነርሷ ድምፅዋን ከፍ አድርጋ ያንኑ በአማርኛ ትደግመዋለች። (ጮክ ብለን ስንናገር የማያውቀን ሰው የሚገባው የሚመስለን ብዙዎች ነን፤ እኔም ክፍል ውስጥ ስንት ጊዜ አድርጌዋለሁ።) ሕፃኑ መቼ እንደታመመ፣ በመጣበት ጤና ጣቢያ ምን እንደተሰጠው የሚያውቅ ሰው ጠፋ። ወረቀቷ ላይ ያለው ጽሑፍ ደግሞ የሐኪም ጽሑፍ ነው፤ ሐኪም ካልሆነ ሰው አያነበውም፤ አንዳንዴ ሐኪምም አያነበውም።

በዚህ መካከል ኳስ ሲጫወት ቁርጭምጭሚቱ የዞረበት አንድ ወጣት በአንድ እግሩ እየነጠረ ወደ ወረፋው መጣ። ጥቂት አዳመጠና ወደ እናትየዋ ጠጋ ብሎ በራሷ ቋንቋ አናገራት። የሴትየዋ ትከሻ ሲወርድ አየሁት። ሩብ ሰዓት ባልሞላ ጊዜ ነገሩ ሁሉ ታወቀ፤ ትኩሳቱ ከጀመረው ዘጠኝ ቀን ሆኖታል፤ ሁለት ዓይነት ሽሮፕ ተሰጥቷታል፤ አንዱን መንገድ ላይ ጨርሳዋለች። ልጁ እግሩን ረስቶት ነበር መሰለኝ፣ ቆሞ ነው ያስተረጎመው።

ከዚያ አጠገቤ መጥቶ ተቀመጠ። የሦስተኛ ዓመት የሲቪል ምህንድስና ተማሪ ነው። «ልጄ፣ እዚህ ከመጣህ ወዲህ ቋንቋህን የጠየቀህ ሰው አለ?» አልሁት።

«የለም፣ ጋሼ» አለኝ። «ኅዳር 29 ሲደርስ ግን ለጭፈራ ይፈልጉኛል።»

ዝም ብሎ ቆየና ጨመረበት። «ልብሱም የእኛ አልነበረም። ከኪራይ ቤት ያመጡት ነው። የየትኛው ብሔረሰብ እንደሆነ እኔም አላወቅሁትም፤ ለብሼ ወጣሁ።»

ይህ የሆነው ከመተከል የሚሰማው ወሬ ሁሉ የሞትና የመፈናቀል በነበረበት ጊዜ መሆኑን አስታውሱልኝ። ባሕር ዳር ውስጥ ቋንቋውን ጮክ ብሎ ላለመናገር በቂ ምክንያት ነበረው። በዚያ ወረፋ ላይ ግን ተናገረ፤ የሰማው ሰው ሁሉም መንገድ ለቀቀለት። ያን ቀን ያየሁትን ያህል ስለ አብሮ መኖር ያስተማረኝ ንግግር ሰምቼ አላውቅም፤ ንግግሮችንም አዳራሽ ሙሉ ሰምቻለሁ።

ልመናዬ ከዚህ ይጀምራል።

በዓሉን አልቃወምም። ሕገ መንግሥቱ የጸደቀበት ኅዳር 29 ቀን 1987 ዓ.ም. ነው፤ የብሔር ብሔረሰቦች ቀን ሆኖ መከበር የጀመረው ደግሞ በ1999 ዓ.ም. ነው። ልጆች ቢጨፍሩ፣ ቢዘፍኑ፣ ፎቶ ቢነሱ ምን ይገደኛል? የሚያስቸግረኝ ከኅዳር 30 እስከ ጥቅምት ያለው ጊዜ ነው። መንግሥት ከጋምቤላ፣ ከሶማሌ፣ ከወላይታ፣ ከአርሲ ልጅ መድቦ ወደ ጣና ዳር ይልካል። የትራንስፖርት ችግሩ፣ የወላጅ እንባው፣ የፍራሹና የምግቡ ወጪው ተከፍሎበታል። ልጁ ከደረሰ በኋላ ግን በሁለተኛው ሳምንት አልጋ ይቀያየርና ከአገሩ ልጆች ጋር ይሰበሰባል። በካፌው ጠረጴዛ ሲቀመጥ ብታዩት ከየት እንደመጣ ሳትጠይቁት ታውቃላችሁ። አራት ዓመት እንዲሁ ኖሮ ይመረቃል። ይህን ያህል ደክመን ልጆቹን ካሰባሰብናቸው በኋላ አብረው የሚሠሩት ሥራ ሳናዘጋጅላቸው ቀረን።

ትምህርቱ አለ ትሉኛላችሁ። አዎን፣ አለ። የመጀመሪያ ዓመት ተማሪ ሥነ ዜጋ ይማራል፣ አንትሮፖሎጂ ይማራል፣ አካታችነት የሚባል ኮርስም አለው። ከፔዳ (ከቀድሞው የመምህራን ማሠልጠኛ፣ ከዛሬው የዩኒቨርሲቲ ግቢ) ፊት ለፊት ባለ ፎቶ ኮፒ ቤት ሰነድ ሳስባዛ አንዱን የማስታወሻ ጥራዝ አገላብጬ አየሁት። «ብዝኃነት ማለት ምን ማለት ነው?» ይላል፤ መልሱ በአራት መስመር ከሥሩ ተጽፏል። ተማሪዎቹ ያንን ለመግዛት ተሰልፈዋል። አንዱ ከሌላው ጋር አይነጋገርም። ይህን ስል መምህራኑን መውቀሴ አይደለም፤ ሁለት መቶ ተማሪ አዳራሽ ውስጥ አስቀምጦ ጎረቤትነትን በቃል ማስተማር ከባድ ነው። ዋና በጥቁር ሰሌዳ እንደማስተማር ነው።

እኔ ራሴ በ1970ዎቹ ፔዳ ስማር ግቢው ገና ዩኒቨርሲቲ አልሆነም ነበር፤ ከፖሊ፣ ማለትም ከፖሊቴክኒኩ፣ ጋር ተዋህዶ ዩኒቨርሲቲ የሆነውና የተመረቀው በ1992 ዓ.ም. ነው። ፔዳ ከመግባቴ በፊት በ1971 ዓ.ም. በተጀመረው የመሠረተ ትምህርት ዘመቻ ሁለት ወር ያህል ጎጃም ገጠር አስተምሬ ነበር። ጓደኛ ሆኖ የተመደበልኝ የአስመራ ልጅ ነው። አማርኛው ያስቀኝ ነበር፤ የእኔ ሽሮ ደግሞ ያስለቅሰው ነበር። ጨው ይበዛል፣ ጨው ያንሳል ስንባባል፣ ሰሌዳውን ተራ በተራ ስንሸከም፣ ኩራዙ ሲያልቅብን በጨለማ ቁጭ ብለን ስንሳደብ ወንድማማች ሆነን ወጣን። ማንም ስለ ወንድማማችነት ያስተማረን አልነበረም። የሰሌዳው ክብደት ነው ያስተማረን።

ያን ዘመን ግን አላወድሰውም። ዘመቻው በ15 ቋንቋዎች ማንበብና መጻፍ ማስተማሩ ትልቅ ነገር ነበር፤ ነገር ግን ስምሪቱ ትእዛዝ ነበር፤ እምቢ ማለት አይቻልም ነበር። ከዚያ በፊት በ1967 ዓ.ም. በእድገት በኅብረት የዘመቱት ታላላቆቻችንም በፈቃዳቸው ነው የሄዱት ብሎ የሚነግረኝ ካለ እስቃለሁ፤ ከተመለሱት መካከል ስንቱን ቀይ ሽብር እንደጠበቀው ደግሞ ሳስብ አልስቅም። ስለዚህ የምጠይቃችሁ ዘመቻ አይደለም። ቃሉን ራሱ ፈርቼዋለሁ። ዘመቻ ይጀመራል፣ ካሜራ ይመጣል፣ ካሜራው ሲሄድ ዘመቻው ያልቃል።

እምቦጭን ተመልከቱ። በጣና ላይ መታየቱ የታወቀው በ2004 ዓ.ም. ገደማ ነው። በጥቅምት 2013 ዓ.ም. የአንድ ወር ዘመቻ ተብሎ ከየአገሩ ሰው ተሰበሰበ፤ ቆቡንና ካናቴራውን አሁንም በከተማው ታያላችሁ። ሰው በልቡ ነው የሠራው፤ ጭቃ ውስጥ እስከ ወገቡ ገብቶ የነቀለ ገበሬና ተማሪ ነበር። አረሙ ግን ሙቀቱና ምግቡ ከተመቸው በሁለት ሳምንት ገደማ እጥፍ የሚሆን ነው፤ ዘሩም ጭቃ ውስጥ ለዓመታት ተኝቶ ይቆያል። በወር የሚያልቅ ጠላት አልነበረም። በየሳምንቱ፣ በተመሳሳይ ቀን፣ ጥቂት ሆኖ የሚመጣ እጅ ይሻለው ነበር። የተማሪውም ነገር እንዲሁ ነው። በዓመት አንድ ቀን ሺህ ሰው ከምትሰበስቡ በየሳምንቱ ስምንት ስምንት ሰው ስጡን።

የምጠይቀው ይህን ነው። ፈቃደኛ የሆነ ተማሪ በሳምንት አራት ሰዓት፣ በዕጣ በተደለደለ ቡድን፣ ከከተማው ጋር ይሥራ። ዕጣ ያልሁት አስቤበት ነው። «ጓደኞቻችሁን ይዛችሁ ኑ» ካላችሁ የአገሩን ልጆች ይዞ ይመጣል። «ከየብሔሩ አንድ አንድ» ካላችሁ ደግሞ ልጁን እንደገና ወኪል ታደርጉታላችሁ፤ ከወኪልነት ልናሳርፈው ነበር እኮ የተነሣነው። ዕጣ ግን ማንንም አይወክልም፤ ያወጣውን ያወጣል። ሥራውን የሚመርጠውም ግቢው ብቻ አይሁን። ከተማው ምን እንደሚጎድለው ከተማው ነው የሚያውቀው።

ከሁሉ በፊት ግን የሆስፒታሉን ነገር ልጨርስ። በግቢዎቻችሁ ውስጥ የስንት ቋንቋ ተናጋሪ አለ? መዝገቡ በእጃችሁ ነው፤ ለመኝታ ምደባ ትጠቀሙበታላችሁ። ወደ ባሕር ዳር ሆስፒታሎች ከአዊ፣ ከመተከል፣ ከዋግ ሕመምተኛ ይመጣል፤ አገውኛ ብቻ የምትናገር አሮጊት ትመጣለች። አንድ ተማሪ በተረኛነት ቢቀመጥ፣ ስልኩ ከነርሶቹ ዘንድ ቢኖር ምን ያህል ነገር እንደሚቀል አስቡት። የታማሚ ምስጢር መጠበቅን በተመለከተ አጭር ሥልጠና መስጠት የግድ ነው፤ አስተርጓሚ የሰማውን ካፌ ላይ ካወራው ባይኖር ይሻላል። የሕክምና ተማሪዎቹና መምህሮቻቸው ይህን ለማስተማር ከማንም ይበልጥ ይችላሉ። ደግሞ ልብ በሉ፤ እዚህ ሥራ ላይ ቋንቋ ዕዳ መሆኑ ይቀርና ሙያ ይሆናል። ያ ምህንድስና ተማሪ ለሦስት ዓመት የደበቀው ነገር በሩብ ሰዓት ውስጥ የወረፋውን ሰው ሁሉ አስነሣለት።

አዲስ ነገር አይደለም የማመጣው። ይህ ዓይነቱ ነገር ያለማንም መመሪያ በግቢዎቻችሁ ውስጥ ሲሠራ ኖሯል። ዓይነ ስውራን ተማሪዎች አሏችሁ። መጽሐፍ የሚያነብላቸው፣ ማስታወሻ የሚቀዳላቸው ማን ነው? አብሮ የሚማር ልጅ ነው፤ አንዳንዴ ከሌላ ትምህርት ክፍል የመጣ ነው። ከቦረና የመጣው ለጎንደሬው ያነብባል። ለፈተና ሲቃረብ ሌሊት ያነብባል። ማንም ሰርተፍኬት አልሰጠውም፤ ፎቶም አልተነሣም። የሕግ ተማሪዎችም ጠበቃ መቅጠር ለማይችል ሰው ነጻ የሕግ ድጋፍ ሲሰጡ አውቃለሁ። በ1950ዎቹ መጨረሻ የተጀመረው የኢትዮጵያ ዩኒቨርሲቲ አገልግሎትም ነበረ፤ ተማሪው ከመመረቁ በፊት አንድ ዓመት ክፍለ ሀገር ወጥቶ ያስተምር ነበር። እኔን ያስተማረኝ ከመካከላቸው አንዱ ነው። የት አገር ሰው እንደሆነ ያወቅሁት ከሄደ በኋላ ነው።

አሁን ደግሞ የሚያሳፍረንን እናንሣ፤ ይህ ክፍል ለግልባጩ ተቀባይ ነው፤ ለእኔና ለመሰሎቼ።

ከሩቅ የመጣውን ልጅ ስለ ብዝኃነት ልናስተምር የምንነሣ የባሕር ዳር ሰዎች ከሐይቁ ዳር ከሚኖሩት ነገደ ወይጦ ጎረቤቶቻችን ጋር ስንቶቻችን ማዕድ ቆርሰናል? ጣና ላይ የሚንሳፈፈውን የደንገል ታንኳ የሚሠሩልን እነሱ ናቸው፤ ያቺ ታንኳ በፖስታ ካርዱ ሁሉ ላይ አለች። ቱሪስት ሲመጣ «የእኛ ታንኳ» እንላለን። ሠሪው ግን «የእኛ» አልተባለም። በድሮ ጊዜ ጉማሬ ያድኑና ይበሉ ስለነበር ርኩስ ተብለው ተገለሉ፤ ጉማሬው ከቀረ ስንት ዘመኑ ነው፣ ነቀፌታው ግን አልቀረም። የራሳቸው ቋንቋ ነበራቸው፤ ጠፍቶ አፋቸው አማርኛ ከሆነ ከመቶ ዓመት በላይ ሆኖታል። አማርኛችንን ወስደውልን እንኳ አልተቀበልናቸውም። ከጅማ የመጣ ተማሪ ስለ ወይጦ የሚሰማው የመጀመሪያው ነገር የእኛ የአከራዮቹ ንቀት ነው፤ ከእኛ ይማረዋል። በኅዳር 29ኙም ሰልፍ ላይ አላየኋቸውም።

ስለዚህ ከቡድኖቹ አንዱ ወደዚያ ሰፈር ይሂድ። ግን ለጉብኝት አይሂድ፤ ልብስና እስክሪብቶ ይዞ ለፎቶም አይሂድ። መጀመሪያ ሽማግሌዎቹንና እናቶቹን ይጠይቅ። ምናልባት የልጆች የሒሳብ ማጠናከሪያ ይሉ ይሆናል፤ ምናልባት ደንገሉ እየተመናመነ ስለሆነ ስለ እሱ ያወራሉ፤ ምናልባት «ተዉን፣ ደክሞናል፣ ብዙ ጠያቂ መጥቶ ሄዷል» ይላሉ። የመጨረሻውን ካሉም ልጆቹ ያን ሰምተው ይመለሱ፤ እሱም ትምህርት ነው። ጣና ከነ37 ደሴቶቹ በ2007 ዓ.ም. በዩኔስኮ የባዮስፌር ጥብቅ ስፍራ ተብሎ ተመዝግቧል። ዓሣውም ወፉም ይቆጠራል። ሰዉም ይቆጠር።

ኪራይ ላይ ልምጣ። ከግቢ ውጭ የሚኖረውን ተማሪ፣ የግል ኮሌጅ ተማሪውን፣ ንግግሩን ሰምተን ዋጋ የምንጨምርበት አለን። ባጃጅ ላይም ያው ነው። «ከየት ነህ?» የሚለው ጥያቄ ከሰላምታው ሲቀድም ሰምቻለሁ፤ እኔም ጠይቄያለሁ። ጎንደር ዩኒቨርሲቲ ከጥቂት ዓመታት በፊት የቃል ኪዳን ቤተሰብ የሚል ሥራ ጀመረ፤ ከሩቅ የመጣውን ተማሪ ከከተማው ቤተሰብ ጋር ያገናኘዋል፤ በዓል ሲሆን የሚጠራው፣ ሲታመም የሚጠይቀው ቤት ይኖረዋል። እኛ በጎንደሬ ላይ መቀለድ እናውቃለን። እዚህ ላይ ግን ቀድመውናል፤ ቀልዱን ትተን እንቅዳቸው። በከተማችንም በራሳቸው ፈቃድ እንዲህ የሚያደርጉ ቤተሰቦች አውቃለሁ። አንዲት ጎረቤቴ በሁዳዴ ወቅት ለሙስሊም ተማሪዎቿ ለብቻ ወጥ ትሠራለች፤ በረመዳን ደግሞ እነሱ ቴምር ይዘውላት ይመጣሉ። ማን ለማን ውለታ እንደዋለ ሒሳቡ ጠፍቶባቸዋል።

ለተማሪዎች ኅብረት ተመራጮች የምለው አጭር ነው። እንዴት እንደምትመረጡ እናውቃለን፤ ድምፁ በአገር ልጅነት ይቆጠራል፣ ሥልጣኑም በአገር ልጅነት ይደለደላል። ከእኛ ነው የተማራችሁት፤ ስለዚህ ብዙ አልቆጣም። አንድ ነገር ብቻ ሞክሩልኝ። ወደ ቀበሌ ስብሰባ ኑ። እኔ እሄዳለሁ። ስለ ፍሳሽ፣ ስለ መብራት፣ ሐይቁ ዳር ስለሚጣለው ሃይላንድ እንነጋገራለን። በስብሰባው ላይ ታናሹ ሰው እኔ ነኝ፤ እኔ ደግሞ ጡረተኛ ነኝ። በዚህች ከተማ አራትና አምስት ዓመት ትኖራላችሁ፤ ውኃዋን ትጠጣላችሁ፣ መንገዷን ትሄዱበታላችሁ፤ ስለ ውኃውና ስለ መንገዱ የሚወሰነው ግን እናንተ በሌላችሁበት ነው። የማትመርጡበት ስብሰባ እንኳ ቢሆን ቁጭ ብላችሁ ስሙ። አጠገባችሁ የተቀመጠው ሽማግሌ ከየት እንደመጣችሁ ይጠይቃችኋል፤ ከዚያ ግን ወዲያው ስለ ፍሳሹ ያማርራችኋል። ማማረር ከጀመረ ተቀብሏችኋል ማለት ነው።

ጊዜው ክፉ መሆኑን አልዘነጋሁም። በክልሉ ጦርነት ከተነሣ ጀምሮ ልጁን ወደዚህ የላከ ወላጅ ስልኩን አንጠልጥሎ ነው የሚያድር። ስለዚህ ሥራው ሁሉ ቀን በቀን፣ ከግቢው በእግር በሚደረስበት ቦታ፣ ኃላፊው በሚያውቀው ሰዓት ይሁን። የማይመች ሳምንት ሲመጣ ይቅር። ፖለቲካ የሚቀሰቅስም፣ ሰው የሚቆጥርም፣ መፈክር የሚያሰማም ሰው እንዳይገባበት ጠብቁት፤ ከየትኛውም ወገን ቢሆን። አንድ ጊዜ መፈክር ከገባበት ወላጅ ልጁን ያስቀርበታል፤ እውነትም አለው።

ነጥብ ስጡበት የሚሉኝ አሉ። እኔ አልልም። ነጥብ ካለበት የፎቶ ኮፒ ቤቱ መልሱን ይሸጠዋል። ከተመረቁ በኋላ የሚያሳዩት አንድ ገጽ ወረቀት፣ የሠሩትን ሰዓትና ሥራ የሚገልጽ፣ ከአገልግሎት ክፍላችሁ ማኅተም ጋር ብትሰጧቸው ይበቃል።

በበኩሌ ከፔዳ ጀርባ ያለው ቤቴ ውስጥ ያለችውን ትርፍ ክፍል ቅዳሜ ቅዳሜ ከጠዋቱ ሦስት ሰዓት እስከ ሰባት ሰዓት ለማጠናከሪያ ትምህርት እሰጣለሁ። ሰሌዳ አለ፤ ጠመኔ አለ። ወንበር አራት ብቻ ነው፤ ጎረቤቶች አግዳሚ ሊያውሱኝ ተስማምተዋል። ሒሳብ አሁንም አልረሳሁም፤ እንግሊዝኛ የሚያስተምር ግን ያስፈልገኛል። ዕጣው የላከውን እቀበላለሁ። ሽሮው የእኔ ነው፤ ጨዉን ለመቀነስ ቃል እገባለሁ።

ከሰላምታ ጋር፣
የፔዳ ሰፈር ነዋሪ፣ ጡረተኛ መምህር

ይድረስ ለዚያ የምህንድስና ተማሪ፦ ተመርቀህ ሄደሃል፤ ይህን ብታነብ ለአንተ አንድ ልመና አለኝ። ያን ቀን እግርህ እስኪታሸግ ድረስ የጉሙዝኛ ሰላምታ አስተምረኸኝ ነበር። የጠዋቱን ይዤዋለሁ፤ የማታውን ረስቼዋለሁ። ሆስፒታሉ በር ላይ እንደ አንተ የመሰለ ልጅ ባየሁ ቁጥር በጠዋቱ ሰላምታ በማታ ሰላም እላለሁ፤ ይስቁብኛል፤ ይመልሱልኝማል።